ሰገነት በሕይወት አለች፤ ስለ «ዝገት» ባንድ የተመረጠው መጽሐፍ እንደገና ይታይልን

ለክቡር አቶ ይትባረክ
የ«ዋርካ ጥላ» ንባብ ቤት የመጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመነጽርዎና አገር ለሚያውቀው ድምፅዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። ጉልበትዎ አይዛል፣ ጉሮሮዎ አይዘጋ፣ የኮሚቴዎም ማኅተም ቀለም አይጣ። እኔ ሰይዶ እባላለሁ፤ ከአሥረኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ የተሰናበትሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክና ስፒከር የምጠግን፣ ባለፈው ቅዳሜም የንባብ ቤቱን ድምፅ ማጉያ የገጠምሁልዎ ሰው ነኝ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ እንደሚገባ፣ ቁጥር የሌለው ግን የቆሎ መጠቅለያ እንደሚሆን ከራስዎ ስለተማርሁ አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በዚችው ከተማ ሦስት ወጣቶች «ዝገት» የሚባል የፓንክ ሮክ ባንድ አቋቋሙ። ሽባባው ይዘፍናል፣ ይጮኻል ቢባል ይሻላል፤ ኢዮብ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ሰገነት ድራም ትደበድባለች። ሦስት ኮርድ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ንዴት፤ ፓንክ ማለት ይኸው ነው። እኔ ያን ጊዜ ንፍጤን በእጅጌዬ የምጠርግ ልጅ ነበርሁ፤ ዘፈናቸውን ከአጎቴ ስልክ ሰምቼ እስከ ዛሬ አልዳንሁም። ዘንድሮ ስለ ባንዱ ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው «ከዝገት ወደ ወርቅ» ይባላል፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ አራት መቅድም አለው፤ ደራሲው ባንዱ ሲጫወት አይቶ አያውቅም። ሁለተኛው ኢዮብ ራሱ የጻፈው ነው፤ «ይቅርታ፣ አንቀንስም» ይባላል፤ ሰማንያ ስምንት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው፤ በስቴፕለር ተመትቷል፣ ስቴፕለሩም ዝጓል። መደርደሪያችን ጠባብ ስለሆነ ስለ አንድ ጉዳይ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይገባል። እርስዎም ወርቁን መረጡ።

፩ኛ፦ ስለ አመራረጥዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እርስዎ በእድራችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆመው ያነበቡ፣ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን «ትዳር አክባሪ»፣ ጎረቤቱን በድንበር የከሰሰውን «እንግዳ ተቀባይ» እያሉ በሰላም የሸኙ ሰው ነዎት። ስለዚህ የሰው ታሪክ ሁሉ እንደዚያ መጻፍ እንዳለበት ቢያምኑ አይፈረድብዎትም። ወርቁ መጽሐፍ በእርግጥም እንደዚያ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሽባባው «ከልጅነቱ ጀምሮ ትሑት፣ ለታላላቆቹ ታዛዥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር» ተብሏል። ክቡር ሆይ፣ ይህ የፓንክ ዘፋኝ ነው። ድምፁን ከፍ ካላደረገ ምን ሲሠራ ነበር? ሰው ሳይሞት ይህን ያህል ከተመሰገነ ሲሞት ምን ሊባል እንደሆነም ለኮሚቴው አስቤ ተጨንቄአለሁ።

፪ኛ፦ ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፉን ሲያስመርቁ ስለ ሰገነት የሚያወራውን ምዕራፍ በዚያው በለመዱት ድምፅ፣ «ከአባቷ ከአቶ ኃይሌና ከእናቷ ከወይዘሮ መንበረ በመስቃን ወረዳ ተወለደች» ብለው ጀምረው፣ «ሰው ወዳድ፣ ደግና ሠራተኛ ነበረች» እስከሚለው ድረስ እንባ በሚያስመጣ ዝግታ አንብበውልናል። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሬ የሰቀልሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ለሁሉ ይዳረስ ብዬ ነው። በመንገዱ ሲያልፉ የነበሩት የሰገነት አክስት እትዬ ዓለምዘውድ ግን ነጠላቸውን ጣሉ፣ ደረታቸውን መቱ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ አስረስም የእርስዎን ድምፅ ከሰማ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ የት እንደሚቀበር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰገነት በር ላይ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተጣደ።

ሟች ከእንሴኖ ገበያ ለወፍጮ ቤቷ ሁለት ኩንታል በርበሬ በባጃጅ ጭና መጣች። የገዛ ድንኳኗን አየች፣ ገባች፣ ተቀመጠች፤ አጠገቧ የተቀመጠችውን ለቀስተኛ ማን እንደሞተ ጠየቀች። ስሟ ሲነገራት «እሷንስ አውቃታለሁ፣ ክፉ ነበረች» አለችና ከንፍሮው ዘገነች። ለቅሶ ሊደርሱ የሮጡት ክቡርነትዎ፣ ያዩ እንደነገሩኝ፣ ያን ጊዜ ከድንኳኑ በስተኋላ በኩል በገመዱ መሐል ሾልከው ሲወጡ የነበረዎት ቅልጥፍና በዕድሜዎ ላለ ሰው የሚያስቀና ነው፤ ዕድሜ ይስጥዎ።

፫ኛ፦ ወርቁ መጽሐፍ «በእንሴኖ የቀረበው ዝግጅት በሰላም ተጠናቋል» ይላል። ኢዮብ ግን እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ ገበያ ቀን በአይሱዙ ላይ ወጥተው ሲጫወቱ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ጊታሩ ዝም አለ፣ ሽባባው ከመኪናው ወርዶ ጠፋ፣ ሰገነት ግን አላቆመችም። የጋሪ አህዮች በረገጉ፣ የተፈጨ በርበሬ ጆንያ ተገለበጠ፣ ነፋስ መጣ፣ ገበያው በሙሉ አነጠሰ። ሰገነት አርባ ደቂቃ ብቻዋን መታች፤ ሰው እያነጠሰ፣ እያለቀሰ፣ እየጨፈረ። አሁን ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ፤ ከሁለቱ የትኛውን ያነበበ ነው ባንዱን አወቅሁት የሚለው?

፬ኛ፦ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላስቀምጥ፤ ወዲያው አነሣዋለሁ። የሰገነት ልጅ ሩቲ ዘጠነኛ ክፍል ናት። መምህሯ ስለ አንድ የከተማችን ሰው ጽፋችሁ ኑ፣ ማስረጃችሁ ግን ከንባብ ቤቱ መጽሐፍ ብቻ ይሁን ብለዋል። ልጅቱ ስለ እናቷ መጻፍ ፈለገች። ምርቃቱ ሳይደርስ ኮሚቴው ዘንድ ሄዳ ወርቁን ስትገልጥ ያገኘችው ይህን ነው፦ «ሰገነት ልጅ በመፀነሷ ጩኸቱን ትታ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ተመለሰች።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩቲ እናቷን ቀና ብላ ማየት አቆመች። «የእናቴን ድራም የቀማኋት እኔ ነኝ» ብላለች፤ እኔው ስልኳን ስጠግንላት ነው የነገረችኝ።

የኢዮብ መጽሐፍ ስልሳ አንደኛ ገጽ ላይ ሌላ ነገር አለ። ባንዱ አዲስ አበባ እንዲጫወት ተጠርቶ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ነፍሰ ጡር ይዘን አንሄድም ተባብለው፣ ለሰገነት መነሻው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ብለው፣ እነሱ በንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ሄዱ። እሷ የድራም እንጨቶቿን በነጠላዋ ጠቅልላ መናኸሪያ ስትደርስ ቦታው ባዶ ነበር። ኢዮብ ምን ብሎ ጻፈ? «እሷ አልተወችንም፤ እኛ ነን የተውናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጥሩ ዘፈን አልሠራንም።» ሰው በራሱ ላይ ይህን ሲጽፍ በስቴፕለር ቢመታውስ ምናለ? ክቡርነትዎ ይህን መጽሐፍ ሲመልሱ የሰጡት ምክንያት «ባለታሪኮቹን ያሳፍራል፣ ጠርዙም አልተቆረጠም» የሚል ነበር፤ ስለ ጠርዙ ትክክል ነዎት።

፭ኛ፦ መካሪ ባያሻዎትም ለወደፊቱ ይረዳዎት ዘንድ የእኔን መመዘኛ ልጨምር። ጥሩ የባንድ ታሪክ ጸሐፊው በአንድ ገጽ ላይ እንኳ የሚያፍርበት ነው። አባላቱ የሚጣሉበት፣ መጥፎው ዘፈን መጥፎ ነው የተባለበት፣ ጨርሰውት ዘፈኑን እንደገና ለመስማት የሚያስነሣ ነው። ባነበቡ ጊዜ «ነፍስ ይማር» ማለት ካሰኘዎት ግን መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ሳጥን ውስጥ ይደር።

ስለዚህ ውሳኔዎን እንደገና እንዲመለከቱ ከእግርዎ ሥር ሆኜ እየለመንሁ፣ ስላስተማሩን፣ ስላስለቀሱንና በሕይወት ላለች ሴት ንፍሮ ስላበሉን የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የእርስዎን የሕይወት ታሪክ የሚያነብልን ሰው ገና አላዘጋጀንምና።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የድምፅ ማጉያዎ ሰቃይ፣ የእድርዎ ወጣት አባል
ሰይዶ

ማስታወሻ፦ ከላይ የለመንሁትን ሁሉ ሰርዤዋለሁ፤ አይቸገሩ። ቅዳሜ እናንተ ወደ ድንኳኑ ስትሮጡ እኔ ሽቦ እየጠቀለልሁ ንባብ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። የወርቁን ሽፋን ፈትቼ የኢዮብን መጽሐፍ አለበስሁት፤ ለውፍረቱ ሁለት መቶ ሃያ አራት ባዶ ገጽ ጨመርሁበት፣ እርስዎ የመረጡትን ያነበበ ሰው ልዩነቱን ብዙም አያስተውለውም። ሰኞ ማኅተም ያሳረፉት በእርሱ ላይ ነው። ማክሰኞ ሩቲ በእርስዎ ፊርማ ተውሳዋለች። ከረቡዕ ጀምሮ ከሰገነት ወፍጮ ቤት በኩል ሁለት ሰዎች ባዶ በርሜል ሲደበድቡ ይሰማል፤ ድምፅ ቀንሱ ብለው ሰው ለመላክ ካሰቡ አይድከሙ፣ መልሱ ከወርቁ ሽፋን ሥር፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል።