ቀስ ብሎ የሚሞቀው ቫልቭ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ምሳዋን በልታ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ምነው ጠፋችሁ?» ላልሽው፣ የካሴቱን ድምፅ የሚያጎላው አሮጌው አምፕሊፋየር አስቸግሮኝ ነው። በሰባት ዓመትሽ ስለ ወንዞች የተጻፈውን ትምህርት ጮክ ብለሽ ስታነቢ የቀዳሁት ካሴት አለ አይደል? እናትሽ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሱን ካልሰማች አይሆንላትም። ጓዳ ሆነሽ የምታነቢ ይመስላታል። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ድገሚው» ትልሻለች።

አንድ ቀን ሬክቲፋየሩ ቫልቭ፣ ያ እንደ አምፖል እየጋለ ኤሌክትሪኩን አቃንቶ ለሌሎቹ ቫልቮች የሚያድለው ብርጭቆ፣ ሞተ። ሠላሳ ዓመት አገልግሏል፤ አልተቀየምኩትም። አዲስ ብተካ በማግስቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ፊውዙን ይዞት ሄደ። ሁለተኛው ዘጠኝ ቀን ቆየ። «የዛሬ ዕቃ!» እያልኩ የሠራውን ስረግም ሰነበትኩ።

ቤቱ ዝም ባለ በሦስተኛው ቀን እናትሽ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ያገኘኋት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነው።

«ልጅቷ ዝም አለችኝ፤ ልፈልጋት ነው» አለች። እጇን ይዤ ቀስ እያልን ተመለስን።

ጎረቤታችን ኤሌክትሪሻኑ፣ «ጋሼ፣ በቫልቩ ፋንታ ዳዮድ ያስገቡበትና ይገላገሉ» አለኝ። ዳዮድ ቶሎ እንደማይሞት አላጣሁትም። ግን ሌሎቹ ቫልቮች ሳይሞቁ ኃይሉን ባንዴ ይለቅባቸዋል፤ ከለመዱትም ይበዛባቸዋል። ሬክቲፋየሩ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው። ድምፅሽም ከሩቅ እየቀረበ እንደሚመጣ ሰው ይመጣል። እናትሽ እስክትደርሺ ፀጉሯን ታስተካክላለች።

የአምፕሊፋየሩን ሆድ ከፍቼ ሳየው ለካ ጥፋቱ የኔው ነው። አምና ከሥር የሚሰማውን «እምም» የሚል ድምፅ ላጠፋ ብዬ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ካፓሲተር በትልቅ ለውጬው ነበር። በተከፈተ ቁጥር እሱን ለመሙላት ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። አሮጌው እንደምንም ችሎኝ ኖሯል፤ አዲሶቹ ከየት ያምጡት? የብየዳ ካውያዬን አግዬ ትንሹን መለስኩ። ሦስተኛው ቫልቭ ይኸው ወር ሞላው። «እምም» ተመልሷል፤ እናትሽ ግን «ንቦቹ መጡ» ብላ ደስ አላት።

ትናንት ካሴቱ ሲያልቅ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችኝ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች።

ከተጋባን ጀምሮ ከ«አንተ» ሌላ ብላኝ አታውቅም።

«ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ልጄ እስክትመጣ ይቆዩልኝ። ብቻዬን እፈራለሁ።»

እቆያለሁ አልኳት።

አንቺ ለዚህ ብለሽ ሥራሽን እንዳታጓድዪ። ብቻ ፈቃድ የሚሰጡሽ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

የረገጥሽው መሬት ይመችሽ፤ ከደጅሽ ደግ ሰው አይጥፋ።

አባትሽ