ያልገዛሁት ፈቃድ

ሐምሌ 9 ቀን፣ ከሥራ ቦታ

ለምወድህ አባቴ፣

እግርህ እንዴት ሆነ? ጎረቤትህ ነርሷ ስልክ ደውላ «በክራንች እስከ በር ወጡ» ስትለኝ እፎይ አልኩ። «ግን የልጄን ጉዳይ ሳልፈጽም ወደቅሁ፣ አሳፈርኳት እያሉ ይቆጫሉ» ስትለኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባዬ፣ አሳፋሪዋ እኔ ነኝ።

ለሆስፒታላችሁ ያን የበሽተኛ ካርድ የሚይዝ ያገለገለ ሰርቨር ስሸጥ ዳይሬክተሩን «ቢቆምባችሁ ማንም አይንካው፤ እዚሁ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ስክሪኑን እያየሁ አስተካክለዋለሁ» ብያቸው ነበር። ይቻላልም። ግን ለዚህ ከአምራቹ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። የቀድሞው ባለቤት ፈቃድ ማሽኑ ላይ የነበረው ሁሉ ሲሰረዝ አብሮ ጠፍቷል። እኔ ለሁለት ወር ብቻ የሚሠራ የሙከራ ፈቃድ አስገባሁና ሰነዱ ላይ «የተሟላ» ብዬ ፈረምኩ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈ።

ያን ዝናባማ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ አልነሳ አለ። ያለ ፈቃዱም ማጥፋትና ማብራት ይቻላልና ከዚህ ሆኜ አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል ግን ማየት አልቻልኩም። ሐኪሞቹ የበሽተኛ ካርድ መክፈት አቅቷቸዋል። ዳይሬክተሩን ሰው እንዲልኩ ብጠይቅ ውሸቴ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። የድሮው የመጋዘን ኃላፊ ስለሆንክ ማንም በር አይከለክልህምና ስክሪኑን አይተህ በስልክ እንድትነግረኝ አንተን ላክሁ።

«ጉልበቴን አሞኛል፣ ዝናቡ ያባራና ልሂድ» አልከኝ።

«አባዬ፣ በናትህ ቶሎ በል!» አልኩህ።

የሆስፒታሉ እርጥብ ደረጃ ላይ የጣለህ ይህ ቃሌ ነው። በኋላ ሆስፒታሉ የጠራው ባለሙያ ገብቶ ሲያየው ማሽኑ የሚጠብቀው አንድ ቁልፍ እንዲጫኑለት ብቻ ነበር።

ፈቃዱን ትናንት ገዛሁ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ለዳይሬክተሩ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሳቸውም ጠየቁኝ፦

«ለአባትሽ ነግረሻቸዋል?»

«ገና ነኝ።»

«ሲወድቁ ያነሳናቸው እኛ ነን። ምን ሊሠሩ መጡ ብለን ብንጠይቃቸው፣ የድሮ ባልደረቦቼ ናፍቀውኝ ነው አሉን። የአንቺን ስም አላነሱም።»

ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። «ከእንግዲህ ሌላ ደንበኛ ፈልጊ» ብለውኛል፤ አይፈረድባቸውም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ፣ ዝም ብቻ አትበለኝ። አጥንትህን ፈጣሪ ይጠግንልኝ፤ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ምርቃትህን ዛሬ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

«ጥድፊያ» እያልክ ያሳደግካት ልጅህ

ደብዳቤውን ካሸግኩት በኋላ እንደገና ከፈትኩት። አባዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስትዋሽ ሰምቼህ አላውቅም። ለእነሱ «ባልደረቦቼ ናፍቀውኝ ነው» ያልካቸው፣ የእኔ ውሸት ገና ያኔ ገብቶህ ነበር እንዴ?