አባትሽና የራብነሱ ባቡር

ለልጄ ለሮዌና፣

ያለሽበት አገር ሰላም ይሁንልሽ፤ እግዜር በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን። የጎረቤታችን ድመት እኛ ጓሮ ገብታ አራት ወልዳለች።

አባትሽ ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን ከመለሰ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብሎ ሦስት ወር መስኮት ሥር ተቀምጧል። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ባለፈው ሐሙስ ግን ካፖርቱን አስለብሼ በባቡር ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ራብነስ መንደር ወሰድኩት።

«በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ባቡር ልጠብቅ?» እያለ እስክንሳፈር አጉረመረመ።

ጣቢያው ላይ ወርደን ጫካውን አቋርጠን፣ ወንዙ ከባሕር ወደሚቀላቀልበት ዳርቻ ደረስን። የባሕሩ ውኃ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል። አባትሽ ጭቃው ላይ የሚለቅሙትን ዝይዎች ቀርቤ ልይ ሲል እግሩ ሰጠመ። ስጎትተው እሱ ወጣ፣ ጫማው ቀረ!

«ሳቂ እንጂ ሙሪየል፤ ታፍነሽ ልትሞቺ ነው» አለኝ። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ጫማውን በእንጨት ጎልጉለን ስንመለስ ባቡሩ አመለጠን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳንድዊች እየበላን ስንጠብቅ አንዴም አላማረረም።

«ስነዳ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ያየሁት አስፋልቱን ብቻ ነው» አለ።

ቤት እንደገባን የባቡሩን የጊዜ ሰሌዳ በአጉሊ መነጽር ማጥናት ጀመረ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለፋሲካ ስትመጪ ከአውሮፕላን ማረፊያው መኪና እንዳትከራዪ፤ በባቡር ነይ። አባትሽ ጣቢያ ቆሞ ሊቀበልሽ ይፈልጋል። ሻንጣሽን ልያዝልሽ ሲልሽ እሺ በይው።

በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ ሙሪየል