ካፖርት የለበሰው ወንበር

ለምወድሽ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

የልብስ ስፌት መኪናዬ አቧራ ለብሷል። ደንበኞቼ ጨርቃቸውን እየወሰዱ ሄደዋል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ለምን ነጋ እላለሁ። የጭንቀት ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀምሬያለሁ። አትደንግጪ፤ ወሬ ብቻ ነው፣ መርፌ የለውም። ግን የቤት ሥራ ትሰጠኛለች፣ በዚህ ሽበቴ! ውስጥሽ ሆኖ የሚሰድብሽን ድምፅ ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጪና ይናገር፤ ከዚያ መልሺለት፤ የሚሰማሽንም አትሽሺው አለችኝ።

ወይ ጉድ! ለባዶ ወንበር እንዴት ይወራል? ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ባዶ ትከሻ ሳይ አላስችል አለኝና ላንቺ የሰፋሁትን ካፖርት አለበስኩት። ልክ አንቺን መስሎ ቁጭ አለ። ያኔ ድምፁ መጣ። ተነሺ አንቺ ሰነፍ! እንባ ቤት አያቆምም! እኔ አልቅሻለሁ? እያለ።

እትዬ፣ ድምፁ ያንቺ ነበር። እናታችን የሞተች ለት ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብሽ ያልሽኝ ነው። አልፈርድብሽም፤ ራስሽ ልጅ ሳለሽ እናት ሆንሽልኝ። ግን ተናደድኩብሽ። ካፖርቱን በኮሌታው ይዤ ነቀነቅሁት፤ ለምን እንዳለቅስ አልተውሽኝም፣ ለምን አብረሽኝ አላለቀስሽም አልኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ሲመሽ ጭራሽ ባሰብኝ።

ለሐኪሟ ስነግራት፣ አሁን ደግሞ ከእህትሽ የምትፈልጊውን ጠይቂ ብላ ሌላ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ጠየቅሁ። ካፖርት ምን ይመልሳል፣ እህቴ?

ትልቁን መቀሴን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ወስዳ ቆለፈችበት፤ ማታ ማታም በሬን ታንኳኳለች። አንቺም አትጠይቂኝ።

ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ ክፉ አያሳይሽ። ካፖርቱ ተሰፍቶ ካለቀ ቆይቷል፤ በሰው ግን አልልከውም። ቶሎ ነይና ልበሺው፣ ወንበሩ ላይም አንቺው ተቀመጪ።

ያሳደግሻት ታናሽሽ