የዌንደል ሳል
ኢንግሪድ ወዳጄ፣

ዌንደል ሆልምኲስት በአርባ ዓመት የኦፔራ ደራሲነቱ የሚያዳምጠው ዘፋኙን ሳይሆን የተመልካቹን ሳል ነው፤ ሰው ያሳለበትን ዘፈን በማግስቱ ይቆርጠዋል። ትናንት እዚህ ሴንት ሉዊስ አዲሱ ሥራው ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ነበር። አዘጋጇ ማርጎ በኦፔራው ውስጥ እናትየው የምታወርደው ሙሾ ረዝሟልና ይውጣ ብትለው፣ «አንድ ሰው ካሳለ አወጣዋለሁ» ብሏታል። ሙሾው ሲጀመር አዳራሹ ጸጥ አለ። በመሃል ዌንደልን ራሱን ሳል ያዘው። ፊቱ ቀልቶ፣ አፉን በኮቱ አፍኖ እስከ መጨረሻው ታገለ። ሙሾው ሲያልቅ ማርጎ ጠጋ ብላ፣ «በል አሁን እንደልብህ ሳል፣ አንተ ሽማግሌ፤ ሙሾህ ይቆይልሃል» አለችው።

በእኛ ከተማ በዱሉዝ፣ ሁሉም በሚያስልበት በዚያ ብርድ ቢሆን ኖሮ አንድም ዘፈን አይተርፍለትም ነበር።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ፤ ለእናትሽና ለኖርማን ሰላም በይልኝ።

ራስል