ምድጃ ዳር የከረመው ጠርሙስ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ አለን ከተባለ አለን።

ሸንኮራው አልሆነም። የጎረቤት አገዳ ሰው ይሰውራል፤ የእኛ ቢጫ ሆኖ ወገብ ላይ ቀረ። አባትሽ አንቺ አፈር ያዳብራል ብለሽ የላክሽውን የባክቴሪያ ጠርሙስ አምኖ ዘንድሮ ማዳበሪያ አልገዛም። ፍግና የአገዳ ገለባ ሲያብላላ ከርሞ፣ የጠርሙሱን ቀላቅሎ ሥር ሥሩን አለበሰው። አሁን «የገዛ ልጄ ጉድ ሠራችኝ» ብሎ ከሰው አይቀላቀልም። ፎቶሽንም ከግድግዳው አወረደው።

አንቺ ምን አጠፋሽ! «ሕይወት ያላቸው ናቸው፣ ተጠንቀቂላቸው» ስላልሽኝ፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ጠርሙሱን በልጅነት ብርድ ልብስሽ ጠቅልዬ፣ ፍጉ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ምድጃ ዳር አኖርኩት። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈበትን የግብርና ባለሙያዋ ያነበበችልኝ ትናንት ነው፤ ሙቀት ይገድላቸዋል ይላል። በገዛ እጄ ፈጀኋቸው።

ለአባትሽ ልነግረው ብዬ እነሳና ቡናውን ብቻ አቅርቤለት እመለሳለሁ። ፎቶሽ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ያፈጥብኛል። እባክሽ አንቺ ጻፊለት፤ «ጥፋቱ የእማዬ ነው» በይው። እኔን ቢቀየመኝ አጠገቡ ነኝ፤ አንቺ ግን ሩቅ ነሽ።

እግዜር አንቺን ይጠብቅልኝ። ብርድ አይንካሽ።

እናትሽ