የዘረመልን ስብራት በካርታ ያሰፈሩት አክስታችን

አክስታችን በ1948 ዓ.ም. ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከመጋገሪያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። የእርሾን ዘረመል እንደሚያጠኑ ሲነግሯቸው አባታቸው፣ «እርሾ ለእኔ ዕድሜ ልኬን ምሥጢሩን ነግሮኝ አያውቅም፤ ለአንቺ ካወራሽ፣ ሲበርድ ሊጤ ለምን እንደማይነሣ ጠይቂልኝ» ብለው ሳቁባቸው። በ1976 ዓ.ም. ከመምህር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ ወለዱ።

በየሕዋሳችን ውስጥ የተጠማዘዘውን ዘረመል እየቆረጠ የሚያፍታታና መልሶ የሚገጥም ኢንዛይም አለ። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ከቆረጠ በኋላ መልሶ እንዳይገጥም ያግዱታል፤ ሳይገጠም የቀረው ስብራትም የካንሰሩን ሕዋስ ይገድላል። የአክስታችን ሥራ ስብራቱ የት የት እንደሚወድቅ በካርታ ማስፈር ነበር። የእርሾውን ካርታ ጨርሰው ሳሉ፣ ታናሽ እኅታቸው፣ እናታችን፣ ከካንሰር ከዳኑ በኋላ ያው ያዳናቸው መድኃኒት ባመጣው የደም ካንሰር በ1991 ዓ.ም. ዐረፉ። አክስታችን እኛን ወስደው ከልጃቸው ጋር አሳደጉን፤ ሥራቸውንም ወደ ሰው ሕዋስ አዞሩ። የትኛው ስብራት ሌላ በሽታ እንደሚወልድ ሐኪም አስቀድሞ እንዲያውቅ ፈለጉ።

በ2006 ዓ.ም. የሰው ካርታ አለቀ ተብሎ ለኅትመት ተዘጋጀ። እሳቸው ግን መድኃኒት ያልነካውን ናሙና ደግመው ሲያዩ እዚያም ስብራት ተበትኖ አገኙ። በእርሾ የለመዱት አያያዝ ለረጅሙ የሰው ዘረመል አልሆነም፤ ፈሳሹ በሚቀዳበት መምጠጫ ቀጭን ጫፍ ሲሳብ ይበጠስ ነበር። የኢንዛይሙ ነው ያሉት ብዙው ስብራት የገዛ እጃቸው ነበር። ጽሑፉን መልሰው ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ሕዋሳቱን በለስላሳ ጄል ውስጥ አርግተው፣ ዘረመሉ ሳይሳብ እዚያው መክፈት ጀመሩ። ብልቃጥ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ባዩ ቁጥር ስለሚቆጡም «እማማ ቀስታ» የሚል ስም ወጣላቸው።

አምና የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው ባለቤታቸው ይብቃሽ ብለው ለመኗቸው፤ ባልደረቦቻቸውም ያለውን እናሳትም አሉ። «የእኛን ጥፋት በመድኃኒቱ ላይ ብናላክክ፣ የሚያድነውንም መድኃኒት ሐኪም ይፈራዋል» ብለው እምቢ አሉ።

ዘንድሮ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ለብዙ ዓመታት አብራቸው የሠራችው የቤተ ሙከራ ባለሙያ አዲሱን ውጤት አልጋቸው ድረስ አመጣችላቸው። መድኃኒት የነካው ናሙና ስብራቱን ቦታ ቦታውን ለይቶ አሳይቷል፤ ያልነካው ከሞላ ጎደል ስብራት የሌለበት፣ ነጭ ነበር። ነጩን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እሰይ፣ ባዶ ነው» አሉ።

መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ የወለዷት ልጅና ያሳደጉን እኛ ቀርተናል። የቀረውን ካርታ ባልደረቦቻቸው ይዘውታል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ከእኅታቸውም ጋር ያገናኝልን።